ያረጁና የተጎዱ ፎቶግራፎችን ስለ ማደስ

(በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ላይ የፎቶግራፍ ክበብ አባል በሆነ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን 50ኛ ዓመት በምናከብርበት በዚህ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የምናገረው በየቤታችን በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ በመጽሐፍ ገጽ መካከል ተሸጉጦ ወይም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለሚገኝ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ይኸውም ፎቶግራፍ ነው።

ዛሬ ጧት ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በመግቢያው ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶግራፎች ሳታዩአቸው አልቀራችሁም። ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከሦስት ወር በፊት የሰው ፊት ከግድግዳ የማይለይባቸው ነበሩ። ክበባችን በኮምፒዩተር አማካይነት አድሶ ለዚህ በዓል አደረሳቸው። በዚያው ቆመን ሳለን አንድ የተማሪ አባት ፎቶግራፎቹን ሲመለከቱ ቆይተው ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ እውነተኛው ነው ወይስ እናንተ የሣላችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በችኰላ ከመመለስ ይልቅ መልሱን በዚህ ንግግሬ ለመስጠት ፈቃዳቸውን ለመንሁ። እነሆ ቃሌን ልጠብቅ።

በመጀመሪያ ፎቶግራፍ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ ዓመታት ኒሴፎር ኒየፕስ የተባለ ፈረንሳዊ ብርሃን ራሱ የሣለውንና የማይጠፋውን የመጀመሪያ ሥዕል ከመስኮቱ አነሣ። ከዚያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. የዳጌር ዘዴ በፓሪስ ለዓለም ተገለጸ። ወደ አገራችንም ይህ ጥበብ ሲገባ አልዘገየም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከነበሩት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው፤ ሥራውንም ልጆቹ ወርሰው ቀጥለውበታል። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ቤት በየከተማው ተከፈተ። አባቶቻችንና እናቶቻችንም የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጠጕራቸውን ተስተካክለው፣ በተሣለ መጋረጃ ፊት ቆመው መልካቸውን ለልጅ ልጅ አቈዩ።

የድሮው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስሉ የተሠራው ከቀለም ሳይሆን ከብር ነው። በወረቀቱ ላይ ጄላቲን የሚባል፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ስስ ሽፋን አለ። በሽፋኑ ውስጥ ብርሃን የነካቸው የብር ጨዎች በመድኃኒት ሲታጠቡ ወደ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ይለወጡና ይጠቁራሉ። ያ የምናየው ጥቁር ጠጕርና ጥቁር ካፖርት የብር ቅንጣት ክምችት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ጠላቶቹም ከዚሁ የተነሣ ይታወቃሉ። ፎቶግራፉ በታጠበበት ጊዜ የመጨረሻው መድኃኒት በንጹሕ ውሃ በደንብ ካልወጣለት ከዓመታት በኋላ ምስሉ እየቢጫ ይሄዳል። በአየር ውስጥ ያለ ድኝም ብሩን ይበላዋል። እርጥበት ሲያገኘው ጄላቲኑ ያብጥና ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፤ ሻጋታም ያበቅላል። የቀለም ፎቶግራፍ ደግሞ ከሦስት ቀለሞች የተሠራ ስለ ሆነ በብዙዎቹ የቆዩ ፎቶግራፎች ላይ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀድሞ ይደበዝዛል። የወላጆቻችን የሠርግ ፎቶግራፎች ቀይ ቀይ የሚሉበት ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የእኛ የሰዎቹ ጥፋት ይጨመርበታል፤ እናጥፈዋለን፣ ሲቀደድ በእስኮች እንለጥፈዋለን፣ በጀርባው በእስክሪፕቶ ተጭነን እንጽፍበታለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሕግ ዋናውን ፎቶግራፍ አለመንካት ነው። የምናድሰው ወረቀቱን ሳይሆን ቅጂውን ነው። ፎቶግራፉ በስካነር ላይ ይቀመጥና መሣሪያው በጥቃቅን ነጥቦች ከፍሎ ያነበዋል። እነዚህ ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። ለምሳሌ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ሲነበብ ወደ 3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሰጣል፤ በ1200 ሲነበብ ደግሞ አራት እጥፍ፣ ማለት 12 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። የተነበበውም ሥዕል ቲፍ በሚባለው ዓይነት ፋይል መቀመጥ አለበት። ጄፔግ የሚባለው ዓይነት ቦታ ለመቈጠብ ሲል ከሥዕሉ ጥቂት ጥቂት ይጥላልና ለመላላኪያ እንጂ ለዋና ማኅደር አይሆንም።

ቀጥሎ ማረሚያው ፕሮግራም ይመጣል። ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የታወቀው ፎቶሾፕ ነው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩት ሲሆን፣ አዶቢ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው። የእኛ ክበብ ግን የሚጠቀመው ጊምፕ በሚባለው ነው። እርሱም ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሠርተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረቡት፣ ያለ ምንም ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ተማሪዎች ለትምህርታቸው የጀመሩት ሥራ ዛሬ ለእኛ ለተማሪዎቹ መዋሉን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ኮምፒዩተር ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን 256 ደረጃ አድርጎ ይቈጥራል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ማለት ነው። የደበዘዘ ፎቶግራፍ ሲለካ ግን ጥቁሩም ነጩም ጠፍቶ ሁሉም በመካከል ተጨናንቆ ይገኛል። እኔ ከሠራኋቸው አንዱ ከ90 እስከ 170 ባለው ብቻ ተወስኖ ነበር። ይህን ወደ ሁለቱም ዳርቻ በልክ ስንስበው ጠፍቶ የነበረው ዓይን፣ የኮቱ ኮሌታ፣ የመጋረጃው አበባ ሁሉ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ምንም አልጨመርንም፤ የነበረውን ገለጥነው እንጂ።

ሌላም ብልኀት አለ። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቢሆንም እንኳ በቀለም ማንበብ ይሻላል። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ለሦስት ይከፍለዋል። ቢጫና ቡና ዓይነት እድፍ በሰማያዊው ክፍል ላይ ጎልቶ ሲታይ በቀዩ ክፍል ላይ ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ ቀዩን ክፍል ብቻ ወስደን ብንሠራበት ከእድፉ አብዛኛው ያለ ድካም ይቀርልናል።

ጭረትና እጥፋትን ለማጥፋት ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ከጎረቤት ቦታ ቀድቶ በተጎዳው ላይ እንደ ማኅተም የሚያትም ነው። ሁለተኛው የፈውስ ብሩሽ የሚባለው ሲሆን፣ ከጎረቤቱ የቀዳውን ከሚያርፍበት ቦታ ብርሃንና ቀለም ጋር ያስማማዋል። በፎቶሾፕ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የገባ ነው፤ በጊምፕም ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሌየር በሚባል ሽፋን ላይ ነው። በፎቶግራፍ ላይ ንጹሕ መስታወት አኑራችሁ በመስታወቱ ላይ እንደ መሣል ማለት ነው። መስታወቱን ብታነሡት ከሥር ያለው እንደ ነበረ ይገኛል። የዚህን ጥቅም ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው፤ እርሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አያቴ በዳዊታቸው ገጾች መካከል የሚያኖሩት አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ አላቸው። የወንድማቸው ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሊዘምት አንድ ሳምንት ሲቀረው የተነሣው ነው። ከዘመተበትም አልተመለሰም። ሌላ ፎቶግራፍ የለውም። ይህም አንዱ አራት ላይ ታጥፎ ስለ ኖረ በመካከሉ መስቀል የሚመስል ስንጥቅ አለበት። አንዱ ማዕዘን ከነጆሮው ተቆርጦ ጠፍቷል፤ የቀረውም በቢጫ እስኮች ተያይዟል። እኔም ክበቡን ከገባሁ ገና ሁለት ወር ሳይሞላኝ፣ «አያቴ፣ እኔ አዲስ አደርግልዎታለሁ» ብዬ ተቀበልኋቸው።

አራት ቀን ሠራሁ። ስንጥቁን ዘጋሁ፤ እድፉን አነሣሁ፤ የጠፋውን ጆሮ ከሌላው ወገን ገልብጬ ተከልሁ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ደግሞ አንዲት አጭር ነጭ መስመር ነበረች። የወረቀት ጭረት መሰለችኝና በፈውስ ብሩሽ አንድ ጊዜ ሳልፍባት ጠፋች። በትልቁ አሳትሜ፣ በክፈፍ አድርጌ በእሑድ ቀን ወሰድሁላቸው።

አያቴ መነጽራቸውን አደረጉና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በኋላ፣ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ቆንጆ አድርገኸዋል። ግን ወንድሜ ይህ አይደለም» አሉኝ። ምን እንደ ጐደለው ብጠይቃቸው ጣታቸውን በግንባሩ ላይ አኖሩና፣ «ጠባሳው የታለ? ልጆች ሆነን ከብት ስንጠብቅ እኔ በወረወርሁት ድንጋይ ተፈንክቶ ነው። እናታችን እንዳትመታኝ ብሎ ከዛፍ ወድቄ ነው አላት። እስኪሞት እንዲህ እንዳለ ነው» አሉ። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እኔም እጅግ አፈርሁ። ሰውዬው ስለ እህቱ የተሸከመውን ምልክት እኔ በአንድ የጣት ንክኪ አጥፍቼዋለሁ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የተባለው በእኔ ላይ ደረሰ። ደግነቱ የሠራሁት በሽፋን ላይ ስለ ነበረ በማግሥቱ ያን ቦታ ብቻ ከፍቼ ከሥር ያለውን መለስሁት። አጕልቼ ስመለከተው ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታይ ነበር። የወረቀት ጭረት ፊትን፣ ልብስንና መጋረጃን ሳይለይ በሁሉ ላይ ይሄዳል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። የሰው ጠባሳ ግን ከቆዳው አያልፍም፤ በዳሩም ለስለስ ያለ ጥላ አለው። ዓይኔ አላየም ማለት አልችልም፤ ለማየት አልቈየም ማለት ይሻላል።

ጆሮውንም አነሣሁት። የሰው ፊት ግራና ቀኙ አንድ አይደለም፤ ብርሃኑም ከአንድ ወገን ይመጣ ስለ ነበር የገለበጥሁት ጆሮ የእርሱ ሊሆን አይችልም። በቦታው ዝም ያለ ግራጫ ቀለም ብቻ ሞላሁበት። በኋላ እንዳነበብሁት በሮማ ከተማ የሥነ ጥበብ ማደሻ ማዕከላዊ ተቋም ኃላፊ የነበሩት ቼዛሬ ብራንዲ የተባሉ ሊቅ ስለ ግድግዳ ሥዕሎች ይህንኑ አስተምረዋል። የጠፋው ቦታ ከሩቅ ሲታይ ዓይንን በማያስቸግር፣ ከቅርብ ሲታይ ግን የታደሰ መሆኑ በሚለይ በቀጭን በቀጭን መስመር እንዲሞላ አድርገዋል። ሐሳቡ አዳሹ የራሱን ሥራ ከሠዓሊው ሥራ ጋር ደባልቆ ተመልካቹን እንዳያታልል ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህን ታሪክ የነገርኋችሁ በአሁኑ ጊዜ ከእኔ ስሕተት የባሰ ነገር በየእጃችን ስለ ገባ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው የሚሠሩ አዳዲስ ፕሮግራሞች የደበዘዘ ፊት ሲሰጣቸው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ቅንድቡ እንኳ አንድ በአንድ የሚቈጠር ጥርት ያለ ፊት ይመልሳሉ። ይህን የሚያደርጉት እጅግ ብዙ የሌሎች ሰዎች ፎቶግራፍ አይተው ስለ ተማሩ ነው። በወረቀቱ ላይ የሌለውን ስለማያገኙት ከሌላው ሰው ፊት በመገመት ይሞሉታል። ክበባችን ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የቡድን ፎቶግራፍ ላይ ከጥፍር የማይበልጥ አንድ ፊት አውጥቶ ቢሞክር መልከ መልካም ጕልማሳ ተመለሰልን። ያንኑ ፊት ትንሽ አጨልመን እንደ ገና ብናስገባው ሌላ ጕልማሳ መጣ። ከተመራቂዎቹ አንዱ የሆኑት መምህራችን ሁለቱንም አይተው፣ «ከነዚህ ጋር አልተማርሁም» ብለው ሣቁ። የቀለም ነገርም እንዲሁ ነው። ቀይ ካፖርትና አረንጓዴ ካፖርት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የቀባው ቀለም ግምት እንጂ ምስክርነት አይደለም።

ፎቶግራፍን መለወጥ አዲስ ነገር ነው ብዬ አልከራከርም። የድሮ ፎቶ ቤቶችም በኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ የፊት ሽብሽብ ያጠፉ፣ ጥቁርና ነጩንም በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። በክፋትም የተሠራበት ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. በሞስኮና በቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን ጋር የተነሣው የጸጥታ ሹሙ ኒኮላይ የዦቭ በዚያው አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ከፎቶግራፉም ተፋቀ፤ በቆመበትም ቦታ ውሃ ተሣለበት። የተፋቀው ሰው ራሱ ብዙ ሰው ያስፈጀ ነበር፤ ነገር ግን የእርሱ ክፋት የፎቶግራፉን ሐሰት እውነት አያደርገውም። ያን ጊዜ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያና ብዙ ሰዓት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ልጅ በስልኩ ይሠራዋል። ኃይሉ በልጅ እጅ ሲገባ ኃላፊነቱም አብሮ መግባት አለበት።

በአንጻሩ ደግሞ ይህ ጥበብ ለበጎ ሲውል ምን ያህል እንደሚያጽናና ከጃፓን ሕዝብ መማር እንችላለን። በመጋቢት ወር በ2011 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የባሕር ማዕበል ምሥራቃዊውን ዳርቻ ባጠፋ ጊዜ ያማሞቶ በተባለችው ከተማ ብቻ 750,000 ያህል የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች ከጭቃው ውስጥ ተለቀሙ። በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ እያጠቡ፣ እያደረቁና በዲጂታል ካሜራ እያነሡ ባለቤቶቹ መጥተው እንዲፈልጉ አደረጉ። ቤትና ንብረት ለጠፋበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የልጁን ወይም የእናቱን መልክ መሆኑን ይህ ያስረዳናል።

እንግዲህ ለወላጆቻችንና ለጓደኞቼ ጥቂት ምክር ሰጥቼ ልጨርስ።

አንደኛ፤ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶግራፍ አትላጡ። ከነመስታወቱ ስካን ይደረጋል ወይም ፎቶ ይነሣል። የተለጠፈውንም እስኮች አትንቀሉ።

ሁለተኛ፤ ፎቶግራፍ ከምድጃ ጢስ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ። ሙጫ ባለው የአልበም ገጽ ላይ ከመለጠፍ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በካርቶን ማኖር ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ጀርባውም ይነበብ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ «ለእህቴ መታሰቢያ» የሚለው ጽሕፈት ከፊቱ ያላነሰ ታሪክ ነው።

አራተኛ፤ ከማደስ በፊት መጠየቅ ይቅደም። ጠባሳ ይሁን ጭረት፣ ንቅሳት ይሁን እድፍ የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። እነርሱም ሁልጊዜ ከእኛ ጋር አይኖሩም። ኮምፒዩተር የደበዘዘውን ፊት ሊያጠራ ይችላል፤ ስሙን ግን ሊነግረን አይችልም። በመግቢያው ከተሰቀለው የመጀመሪያ ተመራቂዎች ፎቶግራፍ ላይ የአምስቱን ሰዎች ስም እስካሁን አላገኘንም። ዛሬ በመካከላችሁ የምታውቋቸው ካላችሁ ከሥሩ ባኖርነው ወረቀት ላይ ጽፋችሁልን እንድትሄዱ በአክብሮት እለምናለሁ።

አምስተኛ፤ የታደሰው ከዋናው ቅጂ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ መታደሱም ይጻፍበት። ክበባችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ፎቶግራፍ ይቀበላል። ወላጆች ቁጭ ብለው እያዩ ስካን ይደረግና ዋናው በዚያው ሰዓት ይመለስላቸዋል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

አሁን ለእኒያ አባት ጥያቄ መልሴን እሰጣለሁ። አባባ፣ በመግቢያው ያዩት እውነተኛው ነው። አቧራውን አራግፈንለታል፤ ስንጥቁን ዘግተንለታል፤ የተሸፈነውን ብርሃን ገልጠንለታል። የጠፋውን ግን አልፈጠርንም፤ ግራጫ ሆኖ የሚታየው ቦታ እኛ የማናውቀው ስለ ሆነ እንዲያው ትተነዋል። ከግራጫዎቹም ቦታዎች አንዱ የአንድ ዘማች ጆሮ ነበር። ፎቶግራፉ በግራ በኩል በሦስተኛው ረድፍ ይገኛል፤ አያቴ ለዛሬ ብቻ አውሰውኛል። ስትወጡ ቀረብ ብላችሁ ከግራ ቅንድቡ በላይ ተመልከቱ። ጠባሳው በቦታው አለ።